ከተሞችም እድር አላቸው እንዴ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ መድን ስጽፍ፣ ውጭ አገር ከተሞች ተሰባስበው በራሳቸው ፑል (የጋራ የመድን ሳጥን በሉት) የካሳ ዕዳቸውን ይጋራሉ ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ በሱ የተነሳ ኢንቦክሴ ሞላ። ቡናው እስኪፈላ የቻልኩትን ልመልስ።

«ይሄ ፑል ከእድር በምን ይለያል? የኛ እድር ስንት ዓመቱ፣ የመድን ሒሳብ አስሊ ምናምን አምጥተን አናውቅም።» (ጡረተኛ፣ አዘዞ)

ጋሼ፣ መሠረቱ አንድ ነው፣ መዋጮ ነው። ግን መዋጮው እኩል አይደለም፣ የከተማው የደሞዝ ወጪ፣ የመኪናው ብዛት፣ ያለፉት ዓመታት የካሳ ታሪኩ እየታየ ነው የሚተመነው። የቆሻሻ መኪናቸው ሰው ገጭቶ ቢከሰሱ የመጀመሪያውን ትንሽ ድርሻ ከተማው ራሱ ይችለዋል፣ ቀጥሎ ያለው ከጋራ ሳጥኑ ይወጣል፣ ከዛም ካለፈ ፑሉ ቀድሞ የገዛው ጠለፋ መድን (የመድን ሰጪዎች መድን) ይሸከመዋል። እድር ላይ ሞት ሲመጣ የዛኑ ቀን ይታወቃል፣ ድንኳኑም ንፍሮውም ልክ አለው። የካሳ ክስ ግን ዛሬ ለተበላሸ ነገር ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ስንት ብር እንደሆነም ዳኛው እስኪፈርድ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ዘንድሮ ተረፈን ብለው በሬ ጥለው የሚበሉት ገንዘብ አይደለም፣ የተረፈ የመሰለው ገና ያልመጣ ክስ ገንዘብ ነው። አስሊ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ጋሼ።

«ለምን ከመድን ኩባንያ መድን አይገዙም ታዲያ?» (የሕግ ተማሪ፣ ማራኪ)

ገዝተው ነበር እኮ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞኔል በሚባለው መዝገብ፣ ከተማ ራሱ በዜጎች መብት ጥሰት ሊከሰስ ይችላል አለ፣ ከዛ በፊት በ1961 በሰጠው ፍርድ አይከሰስም ብሎ ነበር። ቀጥሎ በ1980ዎቹ አጋማሽ የመድን ገበያው ታመመ፣ ኩባንያዎቹ አረቦን (የመድን ክፍያውን) ከፍ አደረጉ፣ አንዳንዱን ከተማ ጭራሽ አንፈልግህም አሉት። ያኔ ነው ብዙዎቹ በስምምነት ተጣምረው የራሳቸውን ሳጥን የከፈቱት። ቸግሯቸው ነው እንጂ ብልጠት ብቻ አይደለም።

«ሳጥኑ ባዶ ቢሆንስ?» (ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፒያሳ)

የዛሬው ምርጥ ጥያቄ! እንግሊዝ ውስጥ ሙኒሲፓል ሚውቹዋል የሚባል የከተሞች የጋራ መድን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተ፣ አብዛኛውን የአገሪቱን አስተዳደር የያዘ። በ1992 አቅም አጥሮት አዲስ ሥራ መቀበል አቆመ። የድሮውን ዕዳ ቀስ እያልን እንጨርሳለን ተብሎ ከአባሎቹ ጋር ስምምነት ተደረገ፣ ካነሰ መልሳችሁ ታዋጣላችሁ የሚል አንቀጽም ገባበት። አስቤስቶስ የሚባለው የግንባታ ቁስ ያመጣው በሽታ ደግሞ ሰው ብናኙን ከሳበው ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ነው የሚወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍርድ ቤቱ ያ የድሮ ውል ይሸፍናል ሲል ያቺ አንቀጽ ተነሳች፣ ከተሞቹ ድሮ ተከፍሎልናል ካሉት ካሳ ላይ መጀመሪያ 15%፣ በኋላ 25% አድርጎ አስመለሳቸው። አስቡት፣ የድሮው ከንቲባ የፈረመውን ተተኪው ከፈለ። ፑል ውስጥ መግባት ርካሽ አረቦን ብቻ የሚመስለው ሰው ይቺን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ይያዝ።

«ደባርቅ ለጎንደር አደጋ ልትከፍል ነው ማለት ነው?» (ነጋዴ፣ ደባርቅ)

ኧረ ተረጋጋ ወንድሜ፣ ገና ምንም የተጀመረ ነገር የለም። ቢጀመርም ብዙ የሚያጠፋ ብዙ ያዋጣል፣ አልሰማም ካለም ሊባረር ይችላል። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የምወደው ሌላ ነገር አለ፣ ደህና ፑል ክረምት ሳይገባ ካሜራ የያዘ ሰው ልኮ ይሄን ቦይ ክደኑ፣ ይሄን አጥር አጠንክሩ ይላል፣ ካልተሠራ መዋጮው ይጨምራል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ ላይ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው ሲሞትብን አልረሳሁም። ካሳ ምን ያደርጋል፣ በዋዜማው ክብደቱን የሚቆጥር ሰው ነው የሚሻለው።

«እኛ አገር ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል?» (ስም አልተጻፈም)

በቡና ላይ ስምምነት አይሆንም። የመድን ሥራ በአዋጅ 746/2004 የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ይሄ መድን አይደለም ብለው በሕግ ለይተው ስለጻፉላቸው ነው እዛ የቀለለው።

«አንድ ሰው ክዳን የሌለው ቦይ ገብቶ እግሩ ቢሰበር ማን ይከፍላል?» (ባጃጅ ነጂ)

ፑል ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ጥፋት መረጋገጥ አለበት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 ላይ ሠራተኛው በሥራው ያጠፋውን ተጎጂው ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል ይላል፣ የግል ጥፋቱ ከሆነ ግን ራሱ ነው የሚጠየቀው። ብቻ ጊዜ አለው፣ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ በይርጋ ያልፋል። የሐኪም ወረቀቱን ያዝ፣ ቦዩንም አሁኑኑ በስልክህ አንሳው፣ ነገ ክዳን ተደርጎበት ታገኘዋለህና።