ደመወዜ ስለጨመረ ከኮንዶሚኒየም ምዝገባ እሰረዛለሁ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ፣ በመኪና አደጋ እግሮቹ ያልታዘዙለትን ታናሽ ወንድሜን ይዤ እኖራለሁ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 (20 በመቶውን ቆጥበው 80 በመቶውን በባንክ ብድር ለሚከፍሉበት ቤት) ባለ አንድ መኝታ ተመዝግቤ በየወሩ 274 ብር እቆጥባለሁ። ደመወዜ ሲጨምር ግን «ገቢሽ ከገደቡ አልፏል፣ ትሰረዣለሽ» የሚሉኝ በዙ። እውነት ነው? ወንድሜን ማስታመሜስ አይታሰብልኝም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማታ ማታ ዊልቸሩን ምድር ላይ ጎረቤት ጋ አስቀምጠው፣ ወንድምዎን አዝለው ደረጃውን እንደሚወጡ ጽፈዋል። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ ያነበብኩት ይህንኑ ነው።

የሚያስፈራሩዎት ገደብ የ10/90 (10 በመቶ ብቻ የሚቆጠብበት ፕሮግራም) ነው። ያ ፕሮግራም የታሰበው የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር በታች ለሆነ ሰዎች ነበር። በእርስዎ በ20/80 የሚታየው ምዝገባዎ፣ ቁጠባዎ፣ እንዲሁም በከተማው በስምዎ ወይም በትዳር ጓደኛዎ ስም ቤት አለመኖሩ ነው። ብቻ ቁጠባውን አያቋርጡ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተይዞ ነበር። 5 በመቶው የሚያየው ግን የተመዝጋቢውን ጉዳት ነው፤ አስታማሚውን አይጨምርም። ምዝገባው በእርስዎ ስም ስለሆነ የሚያገለግልዎ የሴቶች ድርሻ ነው።

አስታማሚው አለመታሰቡ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 198 እህትና ወንድም ቀለብ እንዲሰጣጡ ያስገድዳል። ስለዚህ የሚያደርጉት በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ የሕግ ግዴታም ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ፣ በአንቀጽ 28፣ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችም ቤተሰቦቻቸውም ለጉዳቱ ወጪ የመንግሥት እርዳታ እንዲያገኙ፣ አካል ጉዳተኞችም በመንግሥት የቤት ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙ ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ይህንን ይዘው፣ ወንድምዎን ማስታመምዎ እንዲታሰብልዎ ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ። የሐኪም ማስረጃውን አያይዙ። ወንድምዎ በወረዳው የቤተሰብ ቅጽዎ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ አብሮዎት መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት የለዎትም ማለት ነው። ዕጣ ሲወጣልዎ ምድር ቤት እንዲሰጥዎም ከአሁኑ ይጠይቁ። ወረዳው ዝም ካለ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ወደሚያየው እንባ ጠባቂ ተቋም ይሂዱ።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርጉ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመቱ፣ ቁጥሩንም ይያዙ። ያለ ቁጥር የተሰጠ ወረቀት ነገ «አልደረሰንም» ይባላል።