ከመስመሩ መጨረሻ ጀምሩ

ይድረስ በዚህ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተቀጠራችሁ የካራና የኮተቤ ልጆች፣

ገና ደስታችሁን ሳትጨርሱ ምክር እንደዘነበባችሁ አውቃለሁ። አለቃ አታስቀይሙ፣ የሚያሳልፍ ሰው ያዙ፣ ፊርማ አታብዙ ተብላችኋል። ይህቺን የመጨረሻዋን በተለይ አልወዳትም፤ ፈራሚ የጠፋበት መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን ምን እንደሚያደርገው ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም ቆሜ አይቻለሁ። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ማንኛውንም ሥራ ስታቅዱ ከመስመሩ መጨረሻ ካለው ሰው ጀምሩ።

ይህንን የተማርኩት ባቢሌ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር አገራችንን ሲወርር ወታደር ነበርኩ፤ ምድቤ የውሃ ቦቴ ላይ ነበር። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች። ስለዚያ ጦርነት ስታነቡ ታንኩና አውሮፕላኑ ይነገራችኋል፤ በባቢሌ በኩል ያለፈ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሣው ውሃ ነው። ቆላው ድንጋይና ቁልቋል ነው። ቦቴው ብቅ ሲል ቅርብ ያለው ሁሉ ኮዳውን ይዞ ይከበዋል፣ ሰልፍ የሚባል ነገር አይታሰብም።

አንድ የሃምሳ አለቃ ነበሩን፤ ቁጡ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ትእዛዛቸው፣ መንገድ ላይ ለማንም ሳትቆሙ እስከ መጨረሻዋ ሻምበል ንዱ፣ ከዚያ ስትመለሱ እያደላችሁ ኑ የሚል ነበር። በመንገዱ ዳር ያለው ጦር ምን ብሎ እንደሰደበን እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከቅርቡ ጀምራችሁ ስታድሉ የሚጎድለው ሁልጊዜ ለመጨረሻው ነው፤ መጨረሻ ያለው ደግሞ ለጠላት የቀረበው፣ ከቦታውም መነቃነቅ የማይችለው ነው። ከመጨረሻው ስትጀምሩ የሚጎድለው መንገድ ዳር ላለው ነው፤ እርሱ ጀሪካን ይዞ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል። ጉድለት መኖሩ አይቀርም። የሚወሰነው ማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው።

ጅግጅጋ በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። እኔ እግሬን ፍንጣሪ መትቶኝ ነበርና ከሠራዊቱ ወጥቼ፣ ታክሜ፣ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ውሃ ሆኖ ቀረ።

የአዲስ አበባ ውሃ ታሪክ የመንግሥታቱ ታሪክ ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ በንጉሡ ዘመን ተገደቡ፤ ድሬ በኢሕአዴግ ጊዜ ተጨመረ፤ ከአቃቂም የጉድጓድ ውሃ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ሲወርድና ሌላ ሲሰቀል ቢሮ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ውሃው ግን በማንም ዘመን ያለ ፓምፕ ሽቅብ ሄዶ አያውቅም። ፈረቃ ስናወጣ ወረቀቱ ላይ ሰፈር ሁሉ እኩል ነው። ሜዳው ላይ ያለው ሰፈር ቫልቩ እንደተከፈተ ይቀዳል። ዳገቱ ላይ ያለው ደግሞ ታች ያለው ሁሉ ባልዲውንና ሮቶውን ሞልቶ ቧንቧውን እስኪዘጋ ድረስ ግፊት አያገኝም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቂት ይንጠባጠብለትና ፈረቃው ያልቃል። በሪፖርቱ ግን ውሃ አግኝቷል።

ስለዚህ ሪፖርት ከመጻፌ በፊት ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ሄጄ፣ ፈቃድ ጠይቄ ቧንቧ መክፈት ልማድ አደረግሁ። ያልወደዱልኝ አለቆች ነበሩ። አንደኛው ቆጣሪ አንባቢ ሆንክ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በወር መጨረሻ ስብሰባ ላይ የከንቱ ክርክር ማብቂያው የዚያ ቤት ቧንቧ ነበር።

እናንተ ከውሃ ጋር የሚያገናኛችሁ ላይኖር ይችላል፤ የእያንዳንዱ ሥራ መስመር ግን መጨረሻ አለው። ከሰንዳፋ ማዶ ተሳፍራ የመጣች፣ ለዚያ ቀን የቀን ሥራዋን የተወች እናት መስኮታችሁ ላይ ስትቆም፣ ሲስተም የለም ማለት ለእናንተ ቀላል ነው። በእኛ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እንል ነበር፤ ያው ነው። ስልክ ቁጥሯን ተቀበሉና ሲስተሙ ሲመለስ ደውሉላት። የጎደላትን ማስረጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ንገሯት፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ሳምንት አትበሏት። ቀጠሮ ስትሰጡ ቀኑን ጽፋችሁ ስጧት። የተጻፈ ቀን ያስጠይቃል፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የማይጽፈው።

ቤት ውስጥ የመስመሩ መጨረሻ እናት ናት። ደመወዝ ሲመጣ አስቤዛ፣ የልጆች ደብተር፣ እድር ይከፈልና ከተረፈ ለእርሷ ይባላል። አይተርፍም። እኔና ባለቤቴ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን፣ በእርሷ ስም የገባው እቁብ ከሁሉ በፊት እንዲከፈል አደረግን። ካራ ያለው ቤታችን በደርግ ጊዜ በማኅበር ተደራጅተን ባገኘነው መሬት ላይ የቆመ ነው፤ ቆርቆሮው የተገዛው ግን በዚያ እቁብ ነው። ጎረቤቶች ሚስቱ ታዘዋለች ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው።

ስለ ጡረታ ለመስማት ዕድሜያችሁ ገና ነው፤ ቢሆንም ስሙኝ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ መውጫው 60 ዓመት ነው። ዕድሜያችሁ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠሩ በሞላችሁት የልደት ቀን ስለሆነ የሕይወት ታሪክ ቅጹን በችኮላ አትሙሉ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የእድገትና የዝውውር ደብዳቤ ቅጂ ቤታችሁ ይኑር። የውትድርና አገልግሎቴ ከሲቪሉ ጋር የተደመረልኝ ባለቤቴ ሳጥን ግርጌ ባስቀመጠችው ወረቀት ነው፤ እኔማ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ደግሞም ጡረተኛ ሲሞት ሚስቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፤ ይህን የምታገኘው ግን ጋብቻዋን በማስረጃ ስታሳይ ነው። ከእናንተ መካከል አግብቶ ጋብቻውን ያላስመዘገበ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ሚስቱን ይዞ ወረዳ ይሂድ።