«ለአንቺ ትሁን» ያለች እናት እና የዮፍታሔ ስእለት

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በጠና ታምሜ ስለነበር እናቴ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግራ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ ወድቃ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ለአንቺ ትሁን» ብላ ተስላለች። ዘንድሮ ሽማግሌ ሲላክብን ግን ስእለቱ መመንኮሴን ይጠይቃል ብላ ተጨንቃለች፤ የምትጠቅሰውም የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ነው። በጽዋ ማኅበራችን ይህን ብናነሣ ግማሹ «ልጅቱ ተሠውታለች» ሲል ግማሹ «በድንግልና ተወስና ኖረች እንጂ አልሞተችም» አለ። ትክክለኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ክርክሩ በማኅበራችሁ የተጀመረ አይደለም። ታሪኩ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ይገኛል። ዮፍታሔ ከጋለሞታ በመወለዱ ወንድሞቹ ያባረሩት፣ ጦርነት ሲመጣ ግን የገለዓድ ሽማግሌዎች ለምነው አለቃ ያደረጉት ሰው ነው። አሞናውያንን ድል ነሥቶ በደኅና ከተመለሰ፣ ሊቀበለው ከቤቱ ደጅ የሚወጣው ለእግዚአብሔር እንደሚሆን፣ ለሚቃጠል መሥዋዕትም እንደሚያቀርበው ተሳለ። ወደ ምጽጳ ሲመለስ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም።

በገጠራችን ጥጃና በግ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር፣ ዮፍታሔ በልቡ ያሰበው እንስሳ ነበር የሚሉትን ሰዎች አመክንዮ መረዳት አያዳግትም። ይሁን እንጂ የሙሴ እኅት ማርያም ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ እንዳነሣች፣ ሳኦልንም ከሰልፍ ሲመለስ ሴቶች እየዘፈኑ እንደተቀበሉት እናነባለንና፣ ድል አድርጎ ለሚገባ አለቃ በዘፈን የሚወጣው በግ አለመሆኑን ዮፍታሔ ሊያጣው አይገባም ነበር።

አልሞተችም የሚሉት መሠረታቸው አንዲት ፊደል ናት። በዕብራይስጥ ሁለቱን የስእለቱን ሐረጎች የሚያያይዘው «ዋው» እንደ ግእዙ «ወ» ሁሉ በአብዛኛው «እና» ማለት ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ «ወይም» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ዳዊት ቂምሒ የተባለው የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ከአባቱ ተቀብሎ እንደጻፈው፣ የስእለቱ ሐሳብ «ሰው ከሆነ ለእግዚአብሔር የተለየ ይሆናል፤ ለመሥዋዕት የሚገባ ከሆነ ይሠዋል» የሚል ነው። ልጅቱ ሁለት ወር በተራሮች ላይ ያለቀሰችው ለሕይወቷ ሳይሆን ለድንግልናዋ መሆኑም ይህን ሐሳብ ይደግፋል። እኔ ግን፣ ትርጓሜው ልብ የሚያሳርፍ ቢሆንም፣ አያሳምነኝም፤ ጽሑፉ አባቷ «እንደ ተሳለው አደረገባት» ይላልና። ሌላው አይሁዳዊ ሊቅ ናሕማኒደስም በ13ኛው መቶ ዘመን በብቸኝነት ኖረች የሚለውን ሐሳብ ከንቱ ብሎ ነቅፎታል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የጻፈው የአንደኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ልጅቱ መሠዋቷን፣ መሥዋዕቱ ግን ሕጋዊም እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝም አለመሆኑን ገልጿል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ እግዚአብሔር ይህ እንዲፈጸም የተወው ከዚያ በኋላ ማንም እንዲህ ዓይነት ስእለት እንዳይሳል ነው ይላል።

ለእናትዎ ጭንቀት ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ዘዳግም 12 ልጅን በእሳት ማቃጠልን ያወግዛል፤ ዘሌዋውያን 27 ደግሞ በስእለት ለተሰጠ ሰው በእርሱ ፈንታ የሚከፈል ዋጋ ይተምናል፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለች ሴት ልጅ 3 ሰቅል ብር ነው። (እናትዎ ሲሳሉ እርስዎ ከዚህ ተራ ነበሩ ማለት ነው።) የጥንት አይሁድ መምህራን «ታዲያ ስእለቱን የሚፈታ ካህን እንዴት ጠፋ?» ብለው ጠይቀዋል። ሚድራሽ በተባለው የእነዚሁ መምህራን የትርጓሜ መጽሐፍ እንደተተረከው ካህኑ ፊንሐስ «የሚፈልገኝ እርሱ ሆኖ ሳለ እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁን?» አለ፤ ዮፍታሔም «የእስራኤል አለቃ ሆኜ ወደ እርሱ ልሂድ?» አለ፤ በሁለቱ መካከል ልጅቱ ጠፋች። ዮፍታሔ የተቀበረበት ስፍራ በዕብራይስጡ «በገለዓድ ከተሞች» ተብሎ በብዙ መጻፉንም፣ የአካሉ ክፍሎች በየከተማው እየወደቁ ለመቀበራቸው ምልክት አድርገውታል።

እናትዎ ያሉት «ትመንኩስ» ሳይሆን «ለአንቺ ትሁን» ነው። ባለትዳር ሆኖ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል፣ ልጆቹን በቤተ ክርስቲያን የሚያሳድግ ሰው የኪዳነ ምሕረት አይደለም የሚል የለም። ምንኵስና ደግሞ በራስ ፈቃድ የሚገባበት ሕይወት እንጂ ሌላ ሰው በአንደበቱ የሚገባልን አይደለም። ያም ሆኖ የስእለቱን ፍጻሜ መወሰን የአምድ አዘጋጅ ሥራ ስላልሆነ፣ ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ከእናትዎ ጋር ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ በዚያ ቀን የተባለውንም ቃል እናትዎ ራሳቸው፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ይንገሯቸው።