ለቅሶን ለመተወን የራስን ሐዘን መቀስቀስ ያስፈልጋልን?

እህታችን፣ ጥያቄሽን በሚገባ ከተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባሏ የሞተባትን ሴት እንድትጫወቺ ተመድበሽ፣ አሠልጣኝሽ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉትን እናትሽን እያሰብሽ እንድታለቅሺ ነግሮሻል፤ በልምምድ ወቅት እንባው መጥቶ ነበር፣ ተመልካች ፊት በቀረብሽ በሦስተኛው ቀን ግን ደረቀ፣ ቤትሽ ገብተሽም እንቅልፍ አጣሽ። «የስታኒስላቭስኪ ዘዴ የሚባለው ይህ ነውን?» ብለሻል። ከሃያ ዓመት በላይ በመድረክ ላይ የቆየሁና ወጣት ተዋንያንን የማሠለጥን ሰው ነኝ፤ መልሴም «አይደለም፣ ቢያንስ ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅና የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪ በመጨረሻ የደረሰበት ይህ አይደለም» የሚል ነው።

ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያስጨነቀው ጉዳይ ካንቺው ጋር አንድ ነበር። በ1906 ለዕረፍት ፊንላንድ ሳለ፣ ቀድሞ በሕይወት ይጫወታቸው የነበሩ ገጸ ባሕርያት በድግግሞሽ ብዛት ባዶ ልማድ ብቻ እንደሆኑበት ተረዳ። መፍትሔ ሲፈልግም ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቴዎዱል ሪቦ ስለ ስሜት ትውስታ፣ ማለትም ያለፈን የራስ ስሜት በትዝታ መልሶ ስለ መቀስቀስ፣ ያነሣውን ሐሳብ ወስዶ ሞከረው። በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ የደረሰው ትምህርት በአመዛኙ ይኸው የመጀመሪያው ዘመን ሙከራ ሲሆን፣ የትወና መምህሩ ሊ ስትራስበርግ የገነባው የአሜሪካኑ ዘዴም በዚሁ ላይ ቆመ። አሜሪካዊቷ ተዋናይ ስቴላ አድለር ግን በ1934 ፓሪስ ውስጥ ስታኒስላቭስኪን አግኝታ አምስት ሳምንት ያህል አብራው ስትሠራ፣ ክብደቱን ከትውስታ አንሥቶ ወደ ተውኔቱ ሁኔታዎችና ወደ ድርጊት እንዳዞረው ተረዳች። ተመልሳ ይህን ስትናገር ከስትራስበርግ ጋር የተፈጠረው ልዩነት እስከ መጨረሻው አልታረቀም። የሚያሳዝነው፣ ስለ ውስጣዊ ዝግጅት የሚናገረው የስታኒስላቭስኪ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ በ1936 ሲወጣ፣ ስለ ድምፅና ስለ ሰውነት የሚያስተምረው ክፍል የወጣው በ1949 ነው፤ በመካከሉ ባሉት 13 ዓመታት ብዙ ሰው ግማሹን ሙሉ አድርጎ ያዘ። እኛም ዘንድ የደረሰው ብዙ ጊዜ ያው ግማሹ ይመስለኛል። ለነገሩ ስትራስበርግ ራሱ፣ ለዚህ ልምምድ የሚመረጠው ትዝታ ቢያንስ 7 ዓመት ያለፈው እንዲሆን ይመክር ነበር፤ ያንቺ ሐዘን ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

እኔም በዚሁ ስሕተት ውስጥ አልፌያለሁ። ልጁ የሞተበትን አባት ስጫወት የወንድሜን አሟሟት እያስታወስኩ እገባ ነበር። በአራተኛው ምሽት የወንድሜን ፊት ስፈልግ፣ ሚስቴን ሆና የምትጫወተው ባልደረባዬ ጋቢውን በትከሻዬ ላይ ስትጥልልኝ እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር እንኳን አላየሁም። ከመጋረጃው ጀርባ «ዛሬ ከማን ጋር ነበርህ?» አለችኝ። ያ ጥያቄ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ አስተምሮኛል፤ በእርግጥም ከእሷ ጋር አልነበርኩም።

ስለዚህ ሥራሽን ከእንባው ሳይሆን ከሁኔታው ጀምሪ። ባልሽ ከሞተ ስንተኛ ቀኑ ነው? ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ የኪራይ? ልጆቹ ተረድተዋል? ሊያስተዛዝኑ ከመጡት መካከል ገንዘብ ያበደረው ሰው ይኖር ይሆን? ጽሑፈ ተውኔቱ የማይመልሰውን አንቺ ሙዪው። ከዚያም «በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆንስ?» ብለሽ ራስሽን ስትጠይቂ፣ የጥያቄው መጨረሻ «ምን ይሰማኛል?» ሳይሆን «ምን አደርጋለሁ?» ይሁን። ስታኒስላቭስኪ በየትዕይንቱ ተዋናዩ የሚይዘውን ጉዳይ «ዛዳቻ» ይለዋል፤ ሩሲያውያን የሒሳብ ጥያቄንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እኛ «ዓላማ» ብለን ስናስተምር ይህ መልኩ ይጠፋብናል፤ ተዋናይዋ የምትፈታው ችግር ሊኖራት ይገባል።

ለቅሶ ቤት ስትሄጂ አስተውዪ። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ሐዘንተኞች እንባ ሲፈልጉ ሳይሆን ከእንባ ጋር ሲታገሉ ነው። ሴትየዋ አሁን የገቡት ሽማግሌ መቀመጫ ማግኘታቸውን ትከታተላለች፣ ንፍሮው መድረሱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ በር ጀርባ የተሰቀለውን ኮት ድንገት ስታይ ትወድቃለች። ይህን በማሰብ አንዲት ሠልጣኜን የሟች ባሏን ልብሶች አጣጥፋ ለድሃ እንድታዘጋጅ፣ በሚቀጥለው ክፍል ያሉ ልጆቿ እንዳይሰሟትም ድምፅ እንዳታሰማ አዘዝኳት፤ ማልቀስንም ጨርሶ ከለከልኳት። ሦስተኛው ሸሚዝ ላይ አንዱ ቁልፍ ወልቆ አገኘችው። ቆመች፣ ቁልፉን በወለሉ ላይ መፈለግ ጀመረች፣ የምናየው ሁሉ ትንፋሻችን ተቋረጠ። በማግሥቱም በተመሳሳይ ሥራ ውስጥ ስሜቱ ሳይጠራ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን እንባ ባይመጣም ትዕይንቱ አልተጎዳም፤ የያዘችው ሥራ ነበራታ።

አንዳንድ አስተማሪዎች ከቃለ ተውኔቱ በታች ያለውን ሐሳብ በሰምና ወርቅ ያስረዳሉ። ለመጀመሪያው ቀን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቅኔ ዘራፊው ወርቁን አውቆ ይሰውራል፣ ገጸ ባሕርይ ግን ብዙውን ጊዜ ከራሱም የደበቀውን ነው የሚናገረው።

ለጊዜው የእናትሽን ትዝታ ከዚህ ተውኔት አውጪው። አሠልጣኝሽን በአክብሮት አነጋግሪውና ትዕይንቱን በእጅ በሚሠራ አንድ ሥራ ላይ እንድትሞክሪው ፈቃድ ጠይቂ፤ ካልተስማማም ሥራውን በልብሽ ይዘሽ ግቢ፣ ከውጭ አይታወቅም። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ግን ስለ ትወና ከእኛ ጋር መወያየቱን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ።