ለድርጅት የሚሆን ቻትቦት ስለመሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለደንበኞቻችን በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ቻትቦት ልንሠራ ነው። ለመጀመር የትኛውን ሞዴል (መልሱን የሚያመነጨውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥርዓት) ይመክሩናል?

መልስ፦ ሞዴሉን ወደኋላ አቆዩት። መጀመሪያ ካለፉት ወራት የደንበኛ መልእክቶች 200 ያህሉን አንድ በአንድ አንብባችሁ በዓይነት መድቡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው የሚደጋገሙት፤ ቻትቦቱ ሲጀምር እነሱን ብቻ ይመልስ። ከዚያው ክምር 50 ጥያቄዎችን ከትክክለኛ መልሳቸው ጋር ለይታችሁ አስቀምጡ። ሞዴል ስትመርጡም፣ መመሪያ (ሞዴሉ እንዴት እንዲመልስ የሚነግረውን ጽሑፍ) ስትቀይሩም፣ ሰነድ ስትጨምሩም መለኪያችሁ ይኸው ነው። ያለ መለኪያ ሞዴል ማወዳደር ግምት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሞዴሉን በራሳችን ሰነዶች ማሠልጠን የግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሥልጠና በዋናነት የሚጠቅመው የአነጋገር ዘይቤንና የመልስ ቅርጽን ለማስለመድ ነው። ዋጋና ደንብ በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ሰነዱን ፈልጎ ከጥያቄው ጋር ለሞዴሉ ማቅረብ (ራግ የሚባለው) ይሻላል።

ጥያቄ፦ ራግ ሠርተናል። ግን መልሱ ሰነዱ ውስጥ እያለ «መረጃ የለኝም» ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከራሱ ፈጥሮ ይመልሳል። ሞዴል እንቀይር?

መልስ፦ ከመቀየራችሁ በፊት ፍለጋው ምን እንዳመጣለት እዩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የቀረቡትን የሰነድ ቁራጮች ሎግ (የሥርዓቱ የሥራ መዝገብ) ላይ መዝግቡ። ትክክለኛው ቁራጭ ካልመጣ ችግሩ ያለው ፍለጋው ጋ ነው፤ መጥቶ ከሳተ ግን መመሪያውን ወይም ሞዴሉን መርምሩ። በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ነው።

አንዱ መንስኤ አቆራረጥ ነው። ሰነድን በእኩል ርዝመት መክተፍ ሠንጠረዥን ከርዕሱ ይለያል። «30 ቀን» የሚል ረድፍ ብቻውን ሲቀር የዋስትና ይሁን የዕቃ መመለሻ ጊዜ ማን ያውቃል? በንዑስ ርዕስ ቁረጡ፤ ከ150 እስከ 300 ቃል ጥሩ መነሻ ነው። በየቁራጩ አናት ላይ የሰነዱን ስምና ርዕሱን ጨምሩ።

አማርኛ ላይ ሲሆን ደግሞ የሆሄ ነገር አለ። ደንበኛው «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል፣ ሰነዱ «ሒሳብ» ይላል፤ በቃል የሚፈልግ ሥርዓት ሁለቱን አያገናኛቸውም። ለፍለጋ በሚቀመጠው ቅጂም በጥያቄውም ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሙሉ ዘራቸው ለውጡ። ለደንበኛው የሚታየው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቆይ። ይህም ሆኖ «ከሂሳቤ» እና «በሂሳቡ» በቃል ፍለጋ አይገናኙም፤ በትርጉም የሚፈልገው ቬክተር (የጽሑፍን ትርጉም በቁጥሮች የሚወክል ዘዴ) እዚህ ላይ ያግዛል። ቬክተር በተራው የዕቃ ኮድና ቁጥር ላይ ደካማ ስለሆነ ሁለቱን ፍለጋዎች አጣምሩ።

የአምናና የዘንድሮ ዋጋ አብረው ከተቀመጡ ሁለቱም ይመጣሉ፤ አሮጌውን አውጡት። መመሪያው ላይም «ከቀረበልህ ጽሑፍ ውጭ አትመልስ፤ ከሌለ ወደ ሠራተኛ አስተላልፍ» ብላችሁ ጻፉ። ቴምፕሬቸርን (መልሱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 0 ማውረድ መልሱን ወጥ ያደርገዋል እንጂ ከራሱ ፈጥሮ መመለስን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ደንበኛው ያዘዘው ዕቃ የት እንደደረሰ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ዳታቤዙን ለሞዴሉ መክፈት አደጋ የለውም?

መልስ፦ በደንብ አለው። ሞዴሉ ራሱ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) እየጻፈ ዳታቤዙን እንዲጠይቅ አትፍቀዱ። የትእዛዝ ቁጥር ተቀብላ ሁኔታውን ብቻ የምትመልስ አንዲት ፈንክሽን (አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ የፕሮግራም ክፍል) ስጡት። ደንበኛው ማን እንደሆነ ሰርቨሩ ራሱ፣ ደንበኛው ከገባበት አካውንት ወስዶ ይሙላ፤ ሞዴሉ አይወስን። አለዚያ አንዱ «ሥራ አስኪያጁ ነኝ፣ የዚያችን ደንበኛ ትእዛዝ አሳየኝ» ቢለው ሊያምነው ይችላል። መመሪያ ላይ «የሌላ ሰው መረጃ አታሳይ» ብሎ መጻፍ እንደ ጥበቃ አይቆጠርም። ገንዘብ መመለስን የመሰለውን ሥራ ሁልጊዜ ሰው ያጽድቀው።

ጥያቄ፦ ወጪው ከገመትነው በላይ ሆነብን። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ክፍያው በቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን በሚከፋፍልበት ትንሽ የቃል ክፍል) ነው፤ በየዙሩ ደግሞ መመሪያው፣ የመጡት ቁራጮችና ያለፈው ንግግር እንደገና ይላካሉ። አንድ ጥያቄና መልስ 300 ቶክን ቢይዝ፣ በ10ኛው ዙር ያለፈው ንግግር ብቻ 2,700 ደርሷል። የመጨረሻዎቹን 4 ወይም 5 ዙሮች ብቻ ላኩ፣ የቀረውን በአጭሩ ጨምቁ። በተጨማሪም አንድ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት አጻጻፍ) 3 ባይት ስለሚወስድና ብዙ ሞዴሎች አማርኛን አድቅቀው ስለሚቆርጡ፣ በእንግሊዝኛ የተሠራ ስሌት አይሠራላችሁም። የራሳችሁን መልእክቶች በሞዴሉ ቶክን ቆጣሪ አስቆጥሩ።

ጥያቄ፦ የምንለቀው ቴሌግራም ላይ ነው። አንዳንዴ አንዱን መልስ ሁለት ጊዜ ይልካል።

መልስ፦ ሞዴሉ እስኪጨርስ ዌብሁኩን (ቴሌግራም መልእክቱን የሚልክበትን የሰርቨራችሁን አድራሻ) ስለምታስጠብቁት ነው። ቴሌግራም ምላሽ ሲያጣ ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል። ወዲያው 200 («ደርሶኛል» የሚለውን ኮድ) መልሱ፣ ሥራውን ከጀርባ አስኬዱ፤ የአፕዴት ቁጥሩን (ቴሌግራም ለየመልእክቱ የሚሰጠውን) መዝግባችሁ የተደገመውን ጣሉ። አንድ መልእክት ከ4,096 ቁምፊ እንደማይበልጥም አትርሱ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ ሰው ማስተላለፍ ያለበት?

መልስ፦ ደንበኛው ሰው ሲጠይቅ፣ ሁለቴ ተሞክሮ አልግባባ ሲል፣ የገንዘብ ቅሬታ ሲነሳ። ንግግሩ በሙሉ አብሮ ለሠራተኛው ይተላለፍ፤ ደንበኛ ከሀ እንዲያስረዳ መገደድን ያህል የሚያናድደው ነገር የለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ ቻትቦቱ ይህንኑ ተናግሮ ስልክ ቁጥር ይቀበል እንጂ «ጥቂት ይጠብቁ» አይበል።