ለሰበታዋ እህታችን፦ የንብረት ሕግ መምህር ከየት ይገኛል?

እህታችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው። ሰበታ መስመር ባለ የግል ኮሌጅ የሕግ ትምህርት ክፍሉን ይመራሉ። ለንብረት ሕግ መምህር ማስታወቂያ አውጥተው የመጡት አመልካቾች አላረኳቸውም። ቦርዱ «ዶክተር ካልሆነ አይሆንም» ይላል፤ ሴሚስተሩ ደግሞ ደርሷል። ምን ዓይነት ሰው እንፈልግ? የት እናግኘው? በምን እንፈትነው? ደመወዙን ማስታወቂያው ላይ እንጻፈው ወይስ እንተወው? እኔ በለገጣፎ በኩል ባለ ኮሌጅ ትምህርት ክፍል እየመራሁ መምህራን ስቀጥር ቆይቻለሁ፤ አሁንም ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። መልሴ ረዘም ይላል።

ከዶክተሩ ልጀምር። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የንብረት ሕግ ለማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ በማዕረግ ሌክቸረር የሆነ ሰው በቂ ነው። ዶክተር ከመጣ እሰየው። ነገር ግን በሕግ ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ስድስት ኪሎና ሌሎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በድኅረ ምረቃ ክፍሎቻቸው ይዘዋቸዋል። ሰበታ ድረስ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ በየሳምንቱ የሚመላለስልዎ ቢገኝ እንኳ ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ይሰፍርና ክፍል የሚገባው ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቦርዱን ለማሳመን ከማዕረግ ክርክር ይልቅ የሙከራ ትምህርቱ ላይ መጥተው እንዲቀመጡ ቢጋብዟቸው ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ከሰሙ በኋላ የዶክተሩን ነገር ራሳቸው ይተዉታል።

የሁለተኛ ዲግሪው ዘርፍም አያስጨንቅዎ። የሚያመለክቱት አብዛኞቹ በሰብዓዊ መብት ወይም በንግድ ሕግ የተመረቁ ናቸው፤ በመሬት ሕግ የተመረቀ ካልመጣ ብለው ቢጠብቁ ሴሚስተሩ ያልቃል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬም የሚሠራውንና 1967 ላይ የቀረውን ለይቶ የሚያስተምር ሰው።

ለምን ይህን አጠበቅኩ? ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ ያኔ መሬት በግል ሊያዝ ይችል ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ማለትም ከአንቀጽ 1126 እስከ 1674 ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ከዚያ በ1967 የካቲት ላይ አዋጅ 31 የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ ላይ አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወሰዱ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለዚህ የዛሬ የንብረት ሕግ መምህር ለመኪናው፣ ለከብቱ፣ ለቤቱ ፍትሐ ብሔሩን ይይዛል፤ ቦታው ጋ ሲደርስ ወደ ሊዝ አዋጁ 721/2004፣ ወደ ገጠር መሬት አዋጁ 1324/2016፣ ወደ ክልሉ ሕግ መሄድ አለበት። ወደ እኛ የሚመጡት እጩዎች በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከ1126 ተነስቶ ምንም እንዳልተፈጠረ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ሌላው «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ተማሪው የሚማረው ነገር ያለ አይመስለውም።

እንግዲህ ፈተናው። የጽሑፍ ፈተና አንሰጥም፤ የሙከራ ትምህርት ነው የምናስደርገው። ርዕሱን ግን እጩው አይመርጥም። ምረጥ ካሉት አንቀጽ 1204ን ይመርጥና «ባለሀብትነት ማለት...» እያለ ከማስታወሻው ያነባል። እኛ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንሰጠዋለን፦

አንድ ሰው ከዛሬ 12 ዓመት በፊት ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ ላይ 200 ካሬ «ገዛ»። ውሉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ፈርመውበታል። ቤት ሠርቷል፣ መብራት አስገብቷል፣ ካርታ የለውም። ገበሬው ሞቷል። ልጃቸው መጥታ «አባቴ አከራየ እንጂ አልሸጠም» ትላለች። ሰውየው በእጁ ምን አለው?

ይህ ጉዳይ እኛ አካባቢ በየቀበሌው አለ፤ እናንተም ጋ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ሞልቷል። እጩው «መሬት አይሸጥም፣ ውሉ ፈራሽ ነው» ብሎ ከተቀመጠ ስለ ቦታው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ቤቱስ የማን ነው? የተከፈለው ገንዘብስ? ልጅቷ ነገ ጎረምሶች ይዛ መጥታ አጥሩን ብታፈርስ ሰውየው ክስ የለውም?

ጥሩ እጩ ከመመለሱ በፊት መልሶ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ቦታው ያኔ በየትኛው አስተዳደር ሥር ነበር፣ ገጠር ነበር ወይስ ከተማ?» ከሆነ እኔ በልቤ ግማሽ ማርክ ሰጥቻለሁ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ነሐሴ ተለይቷል፤ በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በዚህ ዙሪያ የንብረት ሕግ የሚያስተምር ሰው ይህን ካልጠየቀ የሚያስተምረው የሌላ አገር ሕግ ነው።

ቀጥሎ ቦታውንና ቤቱን ይለያያል። ለቦታው አንቀጽ 40 ንዑስ 3፣ በራስ ጉልበትና ገንዘብ ለተሠራው ንዑስ 7። ከዚያ ወደ ፍትሐ ብሔሩ 1178 እና 1179 ይመጣል፤ ባለቦታው እየተቃወመ የተሠራ ቤትና ዝም ብሎ እያየ የተሠራ ቤት አንድ አይደሉም። ገበሬው 12 ዓመት አጥር ለአጥር ቡና ሲጠጣ ነበር ወይስ በየዓመቱ ቀበሌ እየከሰሰ ነበር? ከዚያ ይዞታ። ከ1140 እስከ 1149 ያለው ክፍል በዚህ አካባቢ ወርቅ ነው፤ ባለሀብት ሳይሆኑ እንኳ ይዞታን በኃይል ለነጠቀ ሰው መልስ እንደሚኖር፣ ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ተማሪው እዚህ ይማራል። የልጅቷን የኪራይ ክርክር ሲነካ ደግሞ የኦሮሚያን አዋጅ 130/1999 ካነሳ ጎበዝ ነው፤ በዚያ አዋጅ ገበሬ ማከራየት ይችል የነበረው እስከ ይዞታው ግማሽ ብቻ ነበር፣ ጊዜውም በባህላዊ ለሚያርስ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ ለሚያለማ እስከ 15 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ 1324/2016 ምን ለወጠ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ካገኙ በዚያው ቀን ውል ያስፈርሙት።

አንድ ወጥመድ አለ፤ 12 ዓመት ያልነው በዓላማ ነው። ብዙዎች ቸኩለው «በ1168 የ15 ዓመት ይርጋ ባለሀብት ያደርገዋል» ይላሉ። ረጋ ያለው ሰው 15 እንዳልሞላ ያያል፤ አንቀጹ በእነዚያ ዓመታት የንብረቱን ግብር መክፈልንም እንደሚጠይቅ ያስታውሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ በኋላ ለቦታው ይህ መንገድ እንዴት ይሠራል ብሎ ክፍሉን ያከራክራል።

ሁሉን ይመልስ ማለቴ ግን አይደለም። «ይህን አይቼ በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ያለ ሀፍረት ይቀጠር። የማይቀጠረው ያልሆነ አንቀጽ ቁጥር በድፍረት የሚጠራው ነው። የሰበር ውሳኔም ይጠይቁት። መዝገብ ቁጥር 21448ን፣ ማለትም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በ1723 መሠረት ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም የተባለበትን፣ ስሙን እንኳ ያልሰማ ሰው የንብረት ሕግ ለብዙ ዓመት አልከፈተም ማለት ነው።

ሙከራው ላይ እውነተኛ ተማሪዎች ይቀመጡ። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» አይበሏቸው፤ ቀልደኛ ሁሉ ይወደዳል። ሰውየው ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው በግማሽ ገጽ ይጻፉልዎ። አሥሩ አሥር ዓይነት ከጻፉ መምህሩ አላስተማረም።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ክፍል መሬቷ ለሪል ስቴት የተወሰደባት ገበሬ ልጅና «ጨረቃ ቤት» የፈረሰበት ሰው ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የካሳ ትምህርት ሲደርስ ክፍሉ ይግላል። የመምህሩ ሥራ በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የቋሚ ተፈናቃይ ካሳ የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንደነበር፣ በአዋጅ 1161 ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከፍተኛው በ15 እንደሚባዛ በሰሌዳ ላይ ማስላት ነው፤ አዋጁ ማሻሻያም ወጥቶበታል፣ እሱንም አብሮ ማየት። ፖለቲካ ማውራት የሚወድ እጩ እዚህ ላይ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ እኛ ይህን በቃለ መጠይቅ በቀጥታ እንጠይቃለን። (በነገራችን ላይ የካሳው አዋጅም 1161፣ በፍትሐ ብሔሩ የቅን ልቦና ገዢ አንቀጽም 1161 ነው። በየዓመቱ ፈተና ላይ የሚያምታታ ተማሪ አይጠፋም፤ ከእጩዎች መካከልም ያምታታ አይተናል።)

የት ይገኛል ላሉት፦ ጋዜጣና ቴሌግራም ማስታወቂያ ይውጣ፤ ለሕጋዊነቱም ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥሩዎቹን ያገኘናቸው ሰዎች ብዙ ከማይፈልጉባቸው ሁለት ቦታዎች ነው። አንዱ የባንኮች የሕግ ክፍል ነው። የባንክ ነገረ ፈጅ ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲመረምር፣ መያዣ ሲያስመዘግብ፣ በአዋጅ 97/1990 ሐራጅ ሲያወጣ ይውላል፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በአዲሱ አዋጅ 1147 ስለሚመራ ለዚያ ምዕራፍ ከእሱ የተሻለ አያገኙም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ነፃ ነው። ሁለተኛው ሰነድ ማረጋገጫ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ የቤት ሽያጭ ውል በእጃቸው ያልፋል። ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎችም ጥሩ ያስተምራሉ፤ ከመሥሪያ ቤታቸው የፈቃድ ደብዳቤ ያምጡ። ጠበቃ ከቀጠሩ የሥራ ቀን ክፍለ ጊዜ አይስጡት፤ ቀጠሮ ይጠራውና ተማሪ ባዶ ሰሌዳ ያያል።

የባለሙያ መምህር አንድ ችግር አለበት፤ ወሬ ይበዛዋል። «አንድ መዝገብ ነበረኝ» ብሎ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ያልቃል፣ ተማሪውም ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ ግን መውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ የኮርስ ዕቅዱን በሳምንት ተከፋፍሎ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቁት፤ ከአንቀጽ ቁጥር ጋር።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ዋናውን ዲግሪ ይዩ፣ ከውጭ አገር ከሆነ የአቻ ግመታውን፤ የሥራ ልምዱ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ይሁን፤ መልቀቂያ ይኑረው።

ቋሚ ወይስ ፓርት ታይም? ቢያንስ አንድ ቋሚ ሰው ይያዙ፤ ቁጥጥር ሲመጣ የሚፈለገው እሱ ነው፣ ተማሪም ከክፍል ውጭ የሚያገኘው ሰው ያስፈልገዋል። በቋሚነት ሲቀጥሩ የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ይህ ማለት ሴሚስተሩ ሳያልቅ፣ የመጨረሻ ፈተና ሳይሰጥ የሙከራ ጊዜው ያልቃል። የክፍል ምልከታውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያድርጉ እንጂ የተማሪ ግምገማ እስኪሞላ አይጠብቁ።

ሰፈሩንም ይጠይቁት፤ ነውር የለውም። አያት የሚኖር ሰው ሰበታን እሺ ብሎ ይፈርማል፤ ከአየር ጤና ወዲያ ያለውን መንገድ ሁለት ሳምንት ካየ በኋላ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ጀሞ፣ ለቡ፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና የሚኖረውን ያስቀድሙ። እኛም በተቃራኒው የምናየው ሲኤምሲና አያት ያለውን ነው። የማታ ክፍል ከሆነ የመመለሻ ትራንስፖርት ኮሌጁ ይቻል።

ወደ ደመወዙ ስመጣ፦ ይጻፉት። «ደመወዝ በስምምነት» የሚለውን ሲያይ ሥራ ያለው ሰው ያልፈዋል፤ የሚያመለክተው ሥራ የሌለው ብቻ ይሆናል። ለፓርት ታይም በክሬዲት ስንት እንደሆነ፣ ግብር የሚቆረጠው ከዚያ ላይ መሆኑን፣ ለቋሚው ደግሞ የጡረታው 11 ከመቶ በኮሌጁ፣ 7 ከመቶ በእሱ መሆኑን ግልጽ ያድርጉ። መቼ እንደሚከፈልም ይጻፉ። በብዙ ኮሌጆች የፓርት ታይም ክፍያ የሚወጣው ማርክ ከገባ በኋላ ነው፤ ባንክ የሚሠራ ሰው አራት ወር አይጠብቅም። እኛ በየወሩ መክፈል ከጀመርን ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሴሚስተር አጋምሶ የቀረብን የለም። የሰበታው ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት እዚህ ቢለጥፉት አይተን እንነግርዎታለን።