መልስ፦ አዲሱ ብሮራ ያው የድሮው ውስኪ ነው?

«ብሮራ የተባለው የውስኪ ፋብሪካ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት የድሮውን ውስኪ ነው የሚያመርተው?» ላልከው፣ በተቻለ መጠን አዎ።

ፋብሪካው በሰሜን ስኮትላንድ በ1819 ሲቋቋም ስሙ ክላይንሊሽ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1960ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ አዲስ ፋብሪካ ተሠራና ስሙን ወሰደበት። አሮጌው ግን፣ ኋላ ብሮራ የተባለው፣ ብዙም ሳይቆይ ተፈለገ። ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ በሚወጣባት በስኮትላንዷ አይላ ደሴት ድርቅ ገባ፤ ውስኪውም አጠረ። ስለዚህ ብሮራ ብቅሉን በፒት፣ ማለትም ከረግረግ ተቆፍሮ በሚደርቅ ማገዶ፣ እያጠነ ያንን ዓይነት ውስኪ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ሰው የሚሞትለት ያ የ1970ዎቹ ምርት ነው። በ1983 ተዘጋ። ገበያው በውስኪ ተጥለቅልቆ ስለነበር ብዙ ፋብሪካዎች አብረውት ተዘግተዋል።

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ እድሳቱ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ኩባንያ ዲያጆ በ2017 ሊከፍተው ሲወስን ውስኪው የሚነጠርበትን ጋን አዲስ አላሠራም። ሁለቱን የድሮ የመዳብ ጋኖች አሎዋ ወደተባለችው የስኮትላንድ ከተማ ድረስ ወስዶ አስጠገናቸው። የጋኖቹን ቤትም አፍርሶ በዚያው ድንጋይ መልሶ ገነባው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ክብር ይገባዋል! በሜይ 2021 ሥራ ጀመረ።

አንድ ነገር ልብ በል። ዕድሜው 30 ወይም 40 ዓመት የሚል የብሮራ ጠርሙስ ካየህ፣ ውስጡ ያለው ውስኪ ፋብሪካው በ1983 ከመዘጋቱ በፊት የተመረተ ነው። የአዲሱ ፋብሪካ ምርት ገና ወጣት ነው።